ማሳው ሳይታይ የተቀየሩ ባትሪዎች

ጠዋት ደሴ ላይ አልነሳ ያለ ሞተር ሳይክል እኩለ ቀን ላይ ኮምቦልቻ በአንድ ጣት ሲነሳ፣ ባለቤቱም መካኒኩም መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ባትሪውን ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ሲመታው ያደረ ዘይት ይወፍራል፣ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞተሪኖውም፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ያንን ሁሉ ለማሸነፍ ብዙ አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ይጠይቃል። ሆኖም ብርድ የሚያጋልጠው የደከመ ባትሪን ብቻ ሳይሆን የተበላሸ ማሳንም (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘውን ገመድና ማሰሪያውን) ጭምር ነው፤ በመጥፎ ግንኙነት ላይ የሚባክነው ቮልት የሚያልፈው አምፔር በጨመረ ቁጥር አብሮ ይጨምራልና።

ይህን ያነሣሁት አንድ የእንስሳት ሐኪም ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ወደምንሠራበት ሱቅ ያመጡት ሞተር ነገር እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረኝ ነው። ሰውየው ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ባትሪ አስቀይረዋል። አዲስ በተገጠመ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆንና ተመልሶ ጠዋት ጠዋት «ጠክ ጠክ» ማለት ይጀምራል። እኛ ጋ የመጡት እንዲመረመርላቸው ሳይሆን ሌላ ባትሪ ለመግዛት ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው በግፊ ይነሳ እንደሆነ ነው። «ቁልቁለት ካገኘ ወዲያው» አሉኝ። በግፊ ወዲያው የሚነሳ ሞተር እሳት የሚሰጡት ካንዴላውም ቦቢናውም በደህና እየሠሩ ስለሆነ የቀረን የማስነሻው መስመር ብቻ ነበር። ባትሪውን ሳይሠራ ስለካው 12.7 ቮልት አለው። ቁልፉን እየተጫንኩ በራሱ በባትሪው ጫፎች ላይ ስለካው ደግሞ 11.6 አሳየ፤ ሞተሪኖው ግን እየተንፏቀቀ ነው የሚዞረው። የደከመ ባትሪ ቢሆን ሞተሪኖው ሲጎትተው ከ10 ቮልት በታች በወረደ ነበር። ባትሪው ሳይወርድ ሞተሪኖው አቅም ካጣ ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። በቀዩ ገመድ በኩል የሚባክነው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አድርጌ ቁልፉን ስጫን ግን 3.8 ቮልት አነበብኩ፤ ጤነኛ ማሳ ላይ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ማለፍ የለበትም።

ብሎኑን ስፈታው ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከቦታው ተፈትቶ ወርዶ ሻንሲው (የሞተር ሳይክሉ የብረት አጽም) ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ነበርና የማሳው ገመድ ቀለበት የታሰረው በቀለሙ ላይ ነው። ከቀለበቱ ሥር መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ አልሙኒየሙም ነጭ ዱቄት ለብሷል። ሁለቱንም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፍቄ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ እርጥበት እንዳይገባበት በላዩ ላይ ግራሶ ቀባሁት። እንደገና ስለካው 0.1 ሆነ፤ ሞተሪኖውም ገና ከመነካቱ አስነሳው።

«ምን ቀየርክ?» አሉኝ።

«ምንም አልቀየርኩም ጋሼ፤ ማሳውን ነው ያጸዳሁት።»

«ካልቀየርክ የምን ገንዘብ ነው የምትጠይቀኝ? አንድ ብሎን ፈትተህ አሰርክ።»

የከበደኝ ይህ ነው። ለማያስፈልጋቸው ባትሪ ሁለት ጊዜ ሳያንገራግሩ የከፈሉ ሰው፣ ችግሩ ለተገኘበት ምርመራ መክፈል ግፍ ሆኖ ታያቸው። የታመመች ላም መርምረው መርፌ ካልወጉ ምርመራው ሥራ አይደለም ወይ ልላቸው ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ዋጥኩት። በምትኩ ብሎኑን ጥቂት አላላሁና ቴስተሩን በእጃቸው ሰጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ። መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩ ሲዘል አዩ። ሳጠብቀውም ተመልሶ ሲወርድ አዩ።

ዝም ብለው ቆዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ በዚህ ሥራ ላይ ከደንበኛ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህንን አከብረዋለሁ። «ታዲያ ያ ልጅ ከመኪና ባትሪ በገመድ ሲሞክረው ለምን ተነሳ?»

«ጥቁሩን ገመድ የት ነበር የቆነጠጠው?» አልኳቸው።

በጣታቸው የሞተሩን ብረት አሳዩኝ። መልሱ እዚያው ነበር። ጥቁሩ ገመድ በቀጥታ ሞተሩ አካል ላይ ስላረፈ፣ የመኪናው ባትሪ የተበላሸውን ማሳ ጨርሶ ሳይነካ ነው ሞተሪኖውን ያዞረው። ያ ሙከራ ባትሪው ሞቷል አያሰኝም። ጥቁሩን ገመድ ከሞተሩ አካል አንሥቶ በራሱ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ቢያስረው ኖሮ፣ የመኪናው ባትሪም እንደ ትንሹ ባትሪ ያቅተው ነበር። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሠራውም ሲገጠም ገመዶቹ ስለሚነቃነቁና ዝገቱ ትንሽ ስለሚፋቅ ነው። ባትሪውን የቀየረው ባለሙያ ቴስተር አጥቶ ነው እንዳልል፣ ሱቁ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስሙን ሐኪሙም አልጠሩ፣ እኔም አልጠራሁ።

ከጠየቅኋቸው አጉድለው ከፈሉኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ብሎን ሳልፈታ የመመርመሪያውን ዋጋ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ የለካሁትንም ቁጥር ለባለቤቱ አሳያለሁ። በዚህ ምክንያት ቴስተሩ ሳይወጣ «ምርመራ በነጻ ነው» ወደሚባልበት የሚሄድ ደንበኛ አለ። አሠራሬን አልቀይርም፤ ሰው ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘቡን ሲያወጣ ማየት ከደንበኛ ማጣት ይበልጥ ያመኛል።

ሐኪሙ እቤታቸው የጣሏቸውን ሁለት ባትሪዎች እንዲያመጡልኝ ለምኛቸው፣ ሌላ ጊዜ ሲወርዱ ይዘዋቸው መጡ። የመጀመሪያው ቻርጅ ሳይደረግ ብዙ በመቀመጡ ሰሌዳዎቹ ሰልፌት ይዘው በእርግጥም ሞቷል። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ ቻርጅ አድርጌ አሳደርኩትና በማግሥቱ ጭነት ሰጥቼ ስፈትነው ከ10 ቮልት አልወረደም። ዛሬ በርበሬ ወንዝ አካባቢ በሚሠራ የአንድ ልጅ ሞተር ላይ ተገጥሞ እያገለገለ ነው።