የአያቴ መንዙማ እና የልጄ ተጅዊድ

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሰላቷን ግን አታሳልፍም ነበር። ደሴ ዙሪያ ገጠር ነው የኖረችው። ሐሙስ ማታ የሰፈሩ ሴቶች እሷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጤሳል፣ ከዚያ ድቤው ይመታና መንዙማው ይጀመራል። በመሃል እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። "ያ ረቢ፣ የወለደችውን አሳድግላት፣ ያልወለደችውን ስጣት፣ መንገደኛውን በሰላም መልስ!" ሁሉም "አሚን!" ይላል። የክርስቲያን ጎረቤቶቿን ልጆችም በየስማቸው ትጠራቸዋለች፤ አንዱን ከዘለለች ተመልሳ ትጨምረዋለች።

እናቴ ደሴ ከተማ ዘመድ ቤት ሆና ተማረች። ያኔ ዒድ የሕዝብ በዓል አልነበረም፤ የሆነው ከ1966ቱ የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ ነው። ዒድ በትምህርት ቀን ከዋለ ክፍል ገብታ ትማራለች፣ ማታ በእግሯ ገጠር ትደርሳለች፣ አያቴም ሥጋውን ሸፍና ትጠብቃታለች። እናቴ ይህን ስታወራ ሁሌ የምትለው "እማዬ እኔ ሳልመጣ ሥጋውን አትቀምስም ነበር" ነው።

ልጄ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ቅዳሜና እሁድ ቁርኣን ቤት ትሄዳለች፣ በተጅዊድ፣ ማለትም በቁርኣን አነባበብ ሕግ፣ ትቀራለች። ዘንድሮ ረመዷን ከሱሁር በኋላ እናቴን የቁርኣን መክፈቻ የሆነችውን ፋቲሓን ታስቀራት ጀመር። "እማማ፣ 'ዓይን' የምትባለዋን ፊደል ከጉሮሮሽ አውጪያት እንጂ!" ትላታለች። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ "እሺ የኔ ኡስታዝ" ብላ እንደገና ትጀምራለች። ሱብሂ አዛን እስኪል እንደዚያ ናቸው። እኔ ሳህን እያጠብኩ እሰማቸዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

አንድ ቀን ግን ልጄ "መንዙማ ቢድዓ፣ ዲን ላይ የተጨመረ ነገር ነው ይባላል፣ ታዲያ ቅድመ አያቴ አጥፍታለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ክርክር ዛሬ ያልገባበት ቤት የለም። እኔ ዓሊም አይደለሁም፣ ፈትዋ አልሰጥም። ግን እናቴ ነቢዩን ﷺ መውደድ የለመደችው እዚያ ድቤ አጠገብ ቁጭ ብላ ነው፣ እኔም ከእሷ ነው የወሰድኩት። የወሎ ሸሆች መንዙማውን በአማርኛ እየገጠሙ በዓረብኛ ፊደል የጻፉት፣ አጀሚ የሚባለው፣ እንደ አያቴ ዓረብኛ የማይሰማው ሰው ጆሮ እንዲገባ ነበር። ገብቶላታልም። አያቴ የደረሳትን ዲን ጥርሷን ነክሳ ይዛ ለእኛ ያደረሰች ሴት ናት፣ ይህንኑ ነገርኳት። ተጅዊዱንም በርቺ አልኳት፤ አያቴ ብትሰማት በደስታ ታለቅስ ነበር።

አሁን ሁለቱ የአያቴን መንዙማ ደብተር ላይ እየጻፉ ነው። እናቴ ታዜማለች፣ ልጄ ትጽፋለች። ብዙ ስንኝ ጠፍቷታል። አክስቴ ግን አሁንም ሙሉውን ትላለች አሉ፤ ኢንሻአላህ ለመውሊድ ወሎ ውስጥ ወዳለው ጀማ ንጉሥ ስንወጣ እሷ ቤት እናድርና የጎደለውን እናስሞላለን።