ሃያ ሊትር አየር

ነሐሴ 10 ቀን፣ አዲስ አበባ

ለቪትዝ መኪናዬ በፋይበር ግላስ ስሠራው የነበረው የሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው ድምጽ ማጉያ) ሣጥን ዛሬ አለቀ። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜና እሑዴን ሁሉ የወሰደብኝ ይህ ሥራ የመጣው ከቦታ ጥበት ነው። የቪትዝ የኋላ ዕቃ መጫኛ አንድ የእንጨት ሣጥን ከገባበት ለሌላ ነገር ቦታ አይተርፈውም፤ እናቴም ሐሳቤን ስነግራት «ታዲያ ጤፉን በራስህ ልትሸከመው ነው?» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ከግራው የኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው ጎድጓዳ ግን ለምንም የማይውል ባዶ ቦታ ነው፤ ፋይበር ግላስ ደግሞ እርጥብ ሳለ የተለጠፈበትን ቅርጽ ይዞ ስለሚደርቅ፣ ስኮርታ ጎማውን ሳይከድን እዚያ ውስጥ ልክክ የሚል ሣጥን ሊወጣው ይችላል።

ጎድጓዳውን በወረቀት ፕላስተር፣ በላዩም በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኩና፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የፋይበር ንጣፍ በፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) እያራስኩ አራት ድርብ ለጠፍሁ። ለሬዚኑ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ማድረቂያ ይበቃዋል። በሐምሌ ብርድ ግን አንድ ሰዓት ቆይቶም እንደ ማር ሲሳብ ባየሁት ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ለቀጣዩ ጣሳ ማድረቂያውን በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩበት። ጣሳው እጄ ላይ ጋለ፣ ጨሰ፣ ብሩሹም እንደ ተተከለ ችካል ቆሞ ቀረ። የተሰበረ ፓራውልት በፋይበር የሚጠግን የሰፈራችን ሰው ዝም ብሎ ሲያየኝ ከቆየ በኋላ «ወንድሜ፣ እሱ እኮ በስሪንጅ ነው የሚለካው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በስሪንጅ ለካሁ፤ ጓንትና መነጽርም አድርጌ፣ ሽታው ራስ ስለሚያዞር ሥራውን ወደ ደጅ አወጣሁት።

ዋናው ስህተቴ ግን በልኩ ላይ ነበር። ባለ 10 ኢንች ድምጽ ማጉያዬ የሚፈልገው ጥብቅ ብሎ የተዘጋ 20 ሊትር አየር ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ሆኖ የድምጽ ማጉያውን የሚርገበገብ ገጽ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ድምጽ ማጉያ ሠርቷል። አየሩ ካነሰ ሞላው ይጠነክርና ወፍራሙ ድምጽ ጥልቀቱን አጥቶ አንድ ኖታ ላይ ብቻ ይጮኻል። እኔ ድምጽ ማጉያው የሚታሰርበትን የኤም ዲ ኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ቀለበት በእንጨት እግሮች አቁሜ፣ ከደረቀው የፋይበር ቅርፊት ጋር የሚለጠጥ ጨርቅ ወጥሬ፣ ጨርቁን ሬዚን አጠጥቼ ካደረቅሁ በኋላ ውስጡን በሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ለካሁት። ስምንት ጠርሙስ ገባ፤ ዘጠነኛው ሳይጋመስ ሞላ። የተወጠረ ጨርቅ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ አጭሩን መንገድ ይዞ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል እንጂ እኔ በወረቀት ላይ እንደ ሳልኩት ወደ ውጭ አይነፋም፤ ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። የድምጽ ማጉያው ማግኔት ራሱ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ስለሚይዝ የቀረኝ 15 ሊትር ብቻ ሆነ።

ጥጥ ሞልቼ ልሸፋፍነው አሰብኩ፤ ፖሊስተር ጥጥ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ጥቂት ይረዳልና። አምስት ሊትር ግን በጥጥ የሚሸፈን ጉድለት አይደለም። ሁለት ቀን ዞር ብዬ ሳላየው ከቆየሁ በኋላ ፊቱን በመጋዝ ቆርጬ፣ ቀለበቱን 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አውጥቼ እንደገና ወጠርኩት። በሁለተኛው ልኬት አሥራ አንደኛው ጠርሙስ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሞላ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ውሃ ቀድቼ አላውቅም።

ስቱኮው፣ የብርጭቆ ወረቀቱና የሞኬቱ ማልበስ አድካሚ ከመሆን በቀር የሚወራለት ነገር የለውም። ገጥሜ ከጨረስኩ በኋላ በጣቴ አንጓ ስመታው ድፍን ድምጽ ሰጠኝ፤ ጠፍጣፋ ሳንቃ የሚያሰማው ዓይነት ድቤ አልነበረበትም።

ፍልሰታ ስለሆነ እናቴ ዘፈን እንድከፍት አልፈቀደችልኝም፤ መጀመሪያ የተሰማበት መዝሙር ነው። ከበሮው ሲመታ ከፊት ወንበር የተቀመጠችው እናቴ መቀመጫውን ዳበስ አድርጋ «ከሥር ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች፤ የጤፉም ነገር አልተነሣም። የኋላ ታርጋው ግን በእያንዳንዱ ምት ይንቀጠቀጣል፤ ነገ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ እለጥፍበታለሁ።