ሰው የለኝም

ባለፈው እሑድ ጎንደር ሆስፒታል ሕሙማንን ልንጠይቅ ስንሄድ ሦስት ነበርን። እኔ፣ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እህታችን፣ እና ሁለቱን ፔርሙስ የተሸከመልን የሰፈራችን ልጅ። ዝናብ ስለነበር ባጃጅ አጣን። ከፒያሳ ጀምሮ በእግራችን ሄድን። አጥሚቱ አልቀዘቀዘም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዛሬ አራት ዓመት ስንጀምር ሃያ ሰባት ነበርን። ቁጥሩን የማስታውሰው ስማችንን ደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ቀኑ መጻጉዕ ነበር፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። እንደምታውቁት በዚያ ቀን የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት አልጋው ላይ የኖረው ሰው ታሪክ። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው አዎ ወይም አይ አላለም። «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ነው ያለው።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሌላ ሆኖ ገባኝ። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ታመው ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ሳስታምም አድሬ ነበር። ጥግ ላይ ያለ አልጋ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ሌሊት ሰባት ሰዓት አካባቢ ቀስ ብሎ ጠራኝ። «እህቴ፣ ሰው የለኝም፣ ያንን ውኃ ታቀብይኛለሽ?» አለኝ። ጠርሙሱ ከእጁ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። አቀበልኩት። ጠዋት ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ «ሰው የለኝም» የሚለው ሲነበብ ጉልበቴ ከዳኝ። ቃል በቃል ያው ነው፣ ያው ውኃ፣ ያው አልጋ።

ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። በዚያው ሳምንት ጀመርን።

ጎንደርን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እዚህ የሚታከመው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከቋራ፣ ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከበለሳ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ ልቤን በጣም የሚነኩት ለቀን ሥራ ቆላ ወርደው የታመሙት ናቸው። በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ ከዚያ ደግሞ ለአጨዳ፣ ከደጋው ብዙ ወጣት ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል። እዚያ አንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አለች። እሷ ስትነክስ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል። ካልታከሙት ይገድላል። ሕክምናው አለ፣ ግን በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል። ልጁ ቤተሰቡ በለሳ ወይም ጋይንት ነው ያለው፣ መታመሙንም ላይሰሙ ይችላሉ። አስታማሚ የለውም። ልብሱን የሚያጥብለት፣ ምግብ የሚያቀብለው፣ ወረቀት ይዞ የሚሯሯጥለት የለም። ሰው የለውም።

እኛ የምናደርገው ትንሽ ነው። የአጃ አጥሚት ወይም ሾርባ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴ ፎጣ እንይዛለን። ጥፍር እንቆርጣለን። ስልክ ያልተደወለለት ሰው ካለ ቁጥሩን ተቀብለን ቤተሰቡ ጋ እንደውልለታለን። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንዲት እናት በስልክ የልጇን ድምፅ ስትሰማ ምን እንደምትል ብትሰሙ አጥሚቱን ትረሱት ነበር።

አሁን ስለ ሃያ ሰባቱ። የመጀመሪያው ወር ደስ ይል ነበር። አልጋ ለአልጋ እየተጋፋን ነበር የምንዞረው። ከፋሲካ በኋላ አሥራ አራት ሆንን። ክረምት ሲገባ ዘጠኝ። ማንንም አልወቅስም። አንዷ አገባች፣ ሁለቱ ሥራ አግኝተው አዲስ አበባ ሄዱ፣ ዘይትና ስኳር ሲወደድ መዋጮው የከበደው አለ፣ መንገድ ሲዘጋና ነገር ሲከፋ ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት አትውጡ አሉ።

አንድ ጊዜ ግን በፎቶ ተጣላን። ከመካከላችን አንዱ የታማሚዎቹን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንለጥፍ አለ። ብር ይገኛል፣ ብዙ ሰው ይረዳል አለ። ሐሳቡ ከክፋት አልነበረም። ብርም በእርግጥ ይገኝ ነበር። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ከስቶ፣ ራቁቱን ሊሆን ጥቂት የቀረውን ልጅ ማን ነው ለሺህ ሰው አሳዩኝ ያለው? ጌታም ምጽዋት ስታደርግ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሏል። ተጨቃጨቅን። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። አራት ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሱም። ስለ ፎቶው ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ስለ አነጋገሬ ግን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ አንደኛው ይቅር ብሎኛል።

ከዚያ ደከመኝ። እውነቱን ልናገር። ቅዳሜ እስከ ማታ ሱቅ ነው የምውለው። እሑድ በሌሊት ተነስቼ አስቀድሳለሁ፣ ከዚያ አጥሚት እሠራለሁ፣ ከዚያ ሆስፒታል። አንድ እሑድ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። በሁለተኛው ምንም ሳያመኝ ቀረሁ። በሦስተኛውም። አጥሚቱን የምሠራው እኔ ስለነበርኩ እኔ ስቀር ሌሎቹም ቀሩ። ማንም አልደወለም፣ ማንም «ምነው?» አላለኝም። እፎይ ብዬ ነበር።

በአራተኛው እሑድ ሄድኩ። አንድ የበለሳ ልጅ ነበር፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከመተማ አረም ላይ ታሞ የመጣ። ካላዛሩ ላይ ሳንባውም ታሞ ስለነበር ብዙ ቆይቷል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። ከትራሱ ሥር ፌስታል አወጣ። አራት ዳቦ አለበት። ለቁርስ ከሚሰጡት ላይ በየእሑዱ አንድ እያስቀረ ነው። ሁለቱ ድንጋይ ሆነዋል፣ አንዱ ሊደርቅ ነው፣ አንዱ የዕለቱ ነው።

«እናንተ ሁልጊዜ ይዛችሁ ነው የምትመጡት» አለኝ። «እኔም ባዶ እጄን ልቀበላችሁ አልወደድኩም። ባለፈው ግን ቀራችሁ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። እንደ ዜና ነው የነገረኝ። መርፌ ሲወጋ የከረመ፣ አጥንቱ የወጣ ልጅ፣ መብላት ያለበትን ዳቦ ለእኔ አስቀምጧል። የዕለቱን ዳቦ ቆርሰን አብረን በላን። ደረቁን ቤት ወስጄ በውኃ አርሼ በላሁት፣ መጣል አልቻልኩም። መጻጉዕ 38 ዓመት ጠበቀ ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሕመሙ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ስለ መጠበቁ ነው። ውኃው በተናወጠ ቁጥር «ዛሬ አንድ ሰው ይመጣል» ብሎ ቀና ይል ይሆናል፣ ከዚያ መልሶ ይተኛል። እኔ ሦስት እሑድ እንዲህ አድርጌዋለሁ። እሱን ልጅ።

ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረንም። ሁለት የሆንበት ቀን አለ፣ ግን አልቀረንም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ ወንጌል ትሰብካላችሁ ወይ?» ይሉኛል። በዚህ ላይ የምናገረው አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ነው የተኛው። አጥሚት ሲቀዳ ተራ በአልጋ ነው። አንድ የመተማ ሙስሊም አባት ነበሩ፣ ብርጭቆውን ተቀብለው «አላህ ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለው እጃችንን ሳሙን። እኛም «አሜን አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ» አልን። የታመመ ሰው መሄጃ የለውም፣ አልጋው ላይ ይዘህ ልትሰብከው አይገባም። የጠየቀ ግን ይነገረዋል። ብዙዎች ይጠይቃሉ። «ማን ላካችሁ?» ነው የሚሉት መጀመሪያ። ያን ጊዜ «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ያለውን ጌታ ስም እንጠራለን። ይበቃል።

አንድ ጊዜ በሁዳዴ አንዲት የዳባት እናት ሐኪም ያዘዘላቸውን ወተትና እንቁላል አልነካም አሉ። ለመንናቸው። «ሰባ ዓመት ያልሻርኩትን አሁን ልሽር?» አሉን። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ቄስ ይዘን ሄድን። አባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መስቀሉን አሳለሟቸውና «እማማ፣ የታመመ ሰው ጾሙ ሕመሙ ነው፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው። ብርጭቆውን አማትበው አነሱ። የተማርነው ሁሉ ያልሠራውን አንድ ካህን በአምስት ደቂቃ ሠራው። ካህናት አባቶቻችን ይህን የሚያነብ ካለ፣ እባካችሁ ወደ ሕሙማን ኑ። ከእኛ ይልቅ እናንተን ነው የሚጠብቁት።

ሲከፋኝ እዚሁ ጎንደር ያለችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል እሷ ተርፋለች። አባቶች የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ። ንቡን ሁሉም ይተርካል። እኔ ግን የማስበው የሌሎቹን ደብሮች ነገር ነው። ጣሪያው ተቃጥሏል፣ መጻሕፍቱ ዐመድ ሆነዋል። አንድ ዲያቆን፣ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ዐመዱን በእግሩ ገፋ አድርጎ ኪዳን ለማድረስ የቆመበት ጠዋት መኖር አለበት። ያ ባይሆን ዛሬ በአታ ላይ አቋቋም የሚማር ተማሪ፣ በ44 ታቦት ስም የምትጠራ ከተማ አይኖሩም ነበር።

ዳቦ ያስቀመጠልኝ የበለሳው ልጅ ድኖ አገሩ ገብቷል። በደኅና ጊዜ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውላል። እናቱ ስልኩን ትቀማውና ትመርቀኛለች።

ጎንደር ያላችሁ መምጣት ከፈለጋችሁ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ብር አታምጡ። ሳሙና ካላችሁ አምጡ፣ ከሌላችሁ ራሳችሁን። በዚህ ሳምንት መስኮቱ አጠገብ የተኙት የአርማጭሆ እናት ጠበል በሃይላንድ አምጡልኝ ብለውኛል። ቅዳሜ ማታ ሱቅ ስዘጋ ቀድቼ ማደር አለብኝ።