የልጄ የመጀመሪያ ዩኩሌሌ

ዛሬ ከልጄ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ዩኩሌሌ፣ ማለትም ጊታር የሚመስል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ፣ ስንመርጥ ዋልን። ከ100 ዶላር እንዳያልፍ ተስማምተናል። በዚህ ዋጋ የእንጨቱ ዓይነት ብዙ አያስጨንቅም፤ ኮምፔንሳቶም ይበቃል፣ የክረምቱን የማሞቂያ ድርቀትም የተሻለ ይችላል። ዋናው ቅኝቱ ነው። ክሩን ሳይጫኑ መምታት፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች 12ኛው) ላይ ተጭኖ መድገም፤ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ (ያው ኖታ ቀጥኖ) ካልመጣ መተው ነው። ልጄ የወደደችው ሰማያዊው በዚህ ወደቀ፤ ከፍቷት ነበር። ሶፕራኖ ከሚባለው ትንሹ የዩኩሌሌ መጠን ትንሽ ከፍ የሚለውን፣ ኮንሰርት የሚባለውን ወሰድን፣ ለጣት ሰፋ ይላል።

ግን ስሙኝማ! ባዶዎቹ (ሳይጫኑ የሚመቱት) ክሮች ኖታቸው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው። ዲን ጨምሩበት፣ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ኖታዎች ሆኑ! እዚህ ተወልዳ ላደገች ልጅ ይህን በጣቷ ማሳየት መቻሌ በጣም አስደስቶኛል። ክራር የምትጫወቱ፣ ለጀማሪ የሚቀል ዜማ ጠቁሙኝ እስቲ።