የቢጫ ክሩ ምስጢር

አርብ ዕለት ሰው በሌብነት ከሰስኩ። ሽማግሌ ሰው። በዝናብ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ። እህቴ እስካሁን ስትስቅ ናት፣ እናንተም እንደምትስቁ አውቃለሁ፣ ግን ከውስጤ ካላወጣሁት አይቀለኝም።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ አንድ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ገዛሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ርዕሱም የደራሲው ስምም አብሮ ሄዷል። 200 ብር ሲለኝ «ሽፋን ለሌለው መጽሐፍ?» አልኩት። «የምታነቢው ሽፋኑን ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። 150 ከፍዬ ሄድኩ።

ታሪኩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ባለታሪኳ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ናት። አለቃዋ የአበባ ትርኢትና የሻይ ግብዣ እንድታነሳ ይልካታል፤ እሷ ግን የሄደችበት ሁሉ ሬሳ ይጠብቃታል። ይህን ዓይነቱን ፈረንጆች ኮዚ ሚስትሪ ይሉታል። ሰው ይሞታል፣ ደም ግን አታዩም። ሟቹ ብዙ ጊዜ ማንም የማያለቅስለት ሀብታም ነው። ገዳዩን የሚደርስበት ደግሞ ፖሊሱ ሳይሆን ጎረቤት፣ ጡረተኛ ወይ እንደዚችኛዋ ካሜራ ያንጠለጠለች ሴት ነው። በየምዕራፉ ሻይና ኬክ አለ። ባጭሩ፣ ለፈሪ ሰው የተጻፈ የግድያ ታሪክ። ለኔ ማለት ነው።

ካሜራዋ ስፒድ ግራፊክ ነው፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች የሚሸከሙት ትልቅ ሳጥን። ፊልሙ ጥቅል አይደለም፤ 4 በ5 ኢንች የሆነ ቅጠል ነው፣ አንዱ መያዣ የሚይዘው ደግሞ ሁለት ቅጠል ብቻ። የፍላሹ አምፖል አንዴ ቦግ ካለ አለቀለት፣ በትኩሱ ነቅሎ ሌላ መተካት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ዝም ብላ አታነሳም። ታያለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ቦግ! ማታ ጨለማ ክፍል ገብታ ስታጥበው ፍንጩ ሁልጊዜ የሚገኘው ፎቶው ጥግ ላይ ነው። መሃል የቆመውን ሰው ጋዜጣው ያትመዋል፣ ጥጉን የሚያየው የለም። ከሷ በቀር።

ይህቺ የጥጉ ነገር እብድ አደረገችኝ። ቢሮ ውስጥ ስኳር ያለቀ ጊዜ እንኳ የስኒዎቹን ጥግ ማየት ጀመርኩ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ካፌ ቁጭ ብዬ ሳነብ ሰዓቱ አልፎብኝ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ እየሮጥኩም ግን የአንበሳው ሐውልት ፊት ቆሜ ከመጽሐፌ ጋር ሰልፊ ተነሳሁና ለጠፍኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «መርማሪዋ!» ብላ ጻፈችልኝ። አመንኳት።

አርብ። 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጃንጥላዬን ከበሩ ኋላ ትቼው ወረድኩ። የሐምሌን ሰማይ የሚያምን ሰው ምን እንደሚባል እናቴ ታውቃለች። ያቺው ካፌ ገባሁ፣ ማኪያቶ አዘዝኩ። ገዳዩ ሊታወቅ 30 ገጽ ቀርቶታል። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ሲወጡ አየሁ። እጃቸው ላይ ጃንጥላ አለ። ጃንጥላው ላይ ቢጫ ክር።

ስለዚህ ክር ልንገራችሁ። አምና ጨርቁ ከሽቦው ተላቀቀብኝ። ቤት ውስጥ ጥቁር ክር አልነበረም፣ ከሱቅ ለመግዛት ደግሞ እኔ ሰነፍኩ። በቢጫ ክር ሰፋሁት፣ ቋጠሮው ሽምብራ ያክላል። እንዲህ ያለ ስፌት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሊኖር አይችልም። ማንም እንዲህ አይሰፋማ!

እና ጃንጥላዬ ቢሮ፣ ከበሩ ኋላ ነው። ይሄ ደግሞ እኚህ ሰውዬ እጅ ላይ ነው። አንድ መርማሪ ከዚህ ምን ይደመድማል? ሰውዬው ቢሮዬ ገብተዋል። (በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ጥበቃውን አልፈው፣ አራተኛ ፎቅ ወጥተው፣ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ትተው፣ የተሰፋች ጃንጥላ ይዘው።) ያኔ ይህ ሁሉ ልክ ነበር የመሰለኝ። የማኪያቶውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተከተልኳቸው።

ቸርችል ላይ ወጥተው ሽቅብ ወደ ፖስታ ቤት ያዙ። እኔ አሥር እርምጃ ወደኋላ። እሳቸው ቆመው የሎተሪ ዝርዝር ሲያዩ እኔ የዛፍ ቅርፊት አያለሁ። ስልኬን አውጥቼ ማንሳት ጀመርኩ። ማስረጃ ነዋ! ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ወረደ ስላችሁ፣ እንደ ሐምሌ ነው የወረደው። ሰውዬው ዞር እንኳ ሳይሉ ጃንጥላዬን ዘረጉት። ሌባው በጃንጥላዬ ሥር በደረቁ ይሄዳል፣ ባለቤቷ ከኋላ ውሃ እየጠጣች ፎቶ ታነሳለች። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ እሱ ብቻ ነበር የዳነው።

አንድ ትልቅ ሕንፃ በረንዳ ሥር ሲጠለሉ እኔም ገባሁ። ሰው ሞልቷል፣ ፊታቸውን ማግኘት አልቻልኩም። የሚታየኝ የሰው ትከሻ ብቻ። ይኼኔ ጄሲ ታርቦክስ ቢልስ ትዝ አለችኝ። ልብወለድ አይደለችም፣ የእውነት ሰው ናት፤ በአሜሪካ ጋዜጣ ተቀጥረው ከሠሩ የመጀመሪያዎቹ ሴት ፎቶ አንሺዎች አንዷ። በ1903 እ.ኤ.አ. ቡፋሎ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የግድያ ችሎት ሲታይ ፎቶ ማንሳት ተከልክሎ ነበር። እሷ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ወጥታ ከበሩ በላይ ባለው መስኮት አነሳች። እኔ መደርደሪያ አላገኘሁም። የሊስትሮ ወንበር ግን ነበረ። ወጣሁ።

«እህት፣ ጫማው እግርሽ ላይ እያለ ነው የሚጠረገው፣ ቁጭ በይ» አለኝ ልጁ።

ዝም በል ብዬው ስልኬን ከፍ አደረግኩ። ሊመሽ ስለነበር ስልኬ በራሱ ጊዜ ፍላሹን አበራው። ቦግ! በረንዳው ሙሉ ሰው ዞረ። የሕንፃው ጥበቃም ዞረ።

«እህት፣ ውረጂ እስቲ። ማንን ነው የምታነሺው?»

ወረድኩ። ልቤ ይመታል፣ ጸጉሬ ይንጠባጠባል፣ ግን መርማሪ ነኝ። ሌባ ጣቴን ወደ ሽማግሌው ቀሰርኩና «ጃንጥላዬን ሰርቀውኛል!» አልኩ። ጣቷ ሌባ የተባለችው ያለምክንያት እንዳልሆነ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ሰውዬው ጃንጥላውን አዩት። እኔን አዩኝ። «ያንቺ ነው?» አሉ፤ የተደሰቱ ነው የሚመስሉት።

ጥበቃው ግን ያሳሰበው ጃንጥላው ሳይሆን ፎቶው ነው። ሕንፃውን አንስተሽ እንደሆነ ብሎ ስልኬን ተቀበለኝና ማየት ጀመረ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጓል።

«ጀርባ» አለ። «ይሄም ጀርባ። ጀርባ። ይሄ ምንድነው?»

«ዝናብ ነው» አልኩ።

«ጀርባ። ጀርባ። የኔ እህት፣ ምን አደረጉሽ ፋዘር?»

23 ፎቶ፣ የአንድ ሰው ጀርባ። የመጽሐፏ ልጅ በሁለት ቅጠል ፊልም ገዳይ ትይዛለች። ጥበቃው መግፋቱን አላቆመም፤ የአርብን ጨርሶ የሐሙስ ላይ ደረሰ። አንበሳው፣ እኔ፣ መጽሐፌ፣ ፈገግታዬ።

«ቆይ፣ ቆይ! እስቲ አትለፈው» አሉ ሽማግሌው። መነጽራቸውን አወጡና ጎንበስ ብለው ወደ ፎቶው ጥግ ጠቆሙ። «አስፋልኝ እስቲ እዚህ ጋ።»

ጥበቃው በሁለት ጣቱ አሰፋው። ክርኔ ላይ አንድ ጃንጥላ ተንጠልጥሏል። እጀታው እንጨት ነው። ቆልመም ያለ፣ በእጅ ብዛት የወዛ፣ የሚያምር እንጨት። የኔ ጃንጥላ እጀታ ፕላስቲክ ነው።

«ያቺ የኔ ናት» አሉ። «20 ዓመት ይዣታለሁ። ትናንት ምሳ ሰዓት ካፌው ደጃፍ ባልዲው ውስጥ ከትቻት ተሰረቅኩ። ይቺን ቢጫ ክር ትቶልኝ ሄደ። ዛሬም እዚያ የዋልኩት ሌባውን እይዘው ይሆናል ብዬ ነው።»

እኔ ፎቶው ላይ ያየሁት ፊቴን ብቻ ነበር። ትናንት ማታ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሥሩንም ጊዜ ፊቴን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የምትባለው ሴትዮ እኔ ነኝ፤ ምስክሩ ያ በረንዳ ሙሉ ሰው ነው። ሊስትሮው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሳቀው። ጥበቃው ስልኬን ሲመልስልኝ «ታዲያ አሁን ማንን ልያዝ?» አለ። ፋዘር ደጋግሜ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ግድ የለም ልጄ፣ እኔም ሌሊቱን ስረግምሽ ነው ያደርኩት» አሉኝ።

ጃንጥላቸውን ላምጣ እንዳልል ቢሮው ተዘግቷል፣ እስከ ሰኞ አይከፈትም። ቦርሳዬን ስከፍት ፌስታሉን አዩትና ምንድነው አሉኝ። መጽሐፍ ነው አልኩ፣ ስለ ፎቶ አንሺ ሴት። ዓይናቸው በራ። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው!

«በይ ጃንጥላዬ እስክትመጣ ይሄ መያዣ ይሁነኝ።»

«ጃንጥላዬን ይዘውት የለ እንዴ ጋሼ?»

ቢጫውን ክር አዩት። «ይሄማ መያዣ አይሆንም» አሉ። ዝናቡ ስላላባራ ግን እሱንም ይዘው ሄዱ። እኔ ያለ ጃንጥላ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ክብር ታክሲ ተሰልፌ ገባሁ። ቅዳሜና እሁድ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳሰላስል ዋልኩ። የሟቿ ሐኪም ነው ብዬ ወሰንኩ። ሻይ የማይጠጣው እሱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቢሮዬ ጥበቃ ደወለልኝ፣ እንግዳ አለሽ ብሎ። ባለ እንጨት እጀታዋን ይዤ ወረድኩ። ሱፍ ለብሰዋል፣ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለውታል። ጃንጥላቸውን ተቀብለው እጀታዋን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ዘረጉ፣ አጠፉ። ከዚያ ወሬ ጀመሩ።

«ደራሲው ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ ፊልሙን በቀይ መብራት ስታጥበው የቱን ፊልም እንደሆነ መናገር ነበረበት። ቀይ ብርሃን የማያየው የድሮው ዓይነት ከሆነ እሺ። እኛ በኋላ የሠራንበት ግን ሁሉንም ብርሃን ያያል፣ ድፍን ጨለማ ውስጥ በጣት ዳበሳ ነው የሚታጠበው። ቀይ መብራት የምናበራው ወረቀቱን ስናትም ነው።»

«አላውቅም ነበር» አልኩ፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነው የማዳምጠው።

«እንጂ ያቺ የፒያኖ አስተማሪ ገና ጓንቷን ሳታወልቅ ሻይ ስትቀዳ ነው የጠረጠርኳት። ምስኪን ሐኪሙን በከንቱ አሰሩት።»

ክው አልኩ። «ጋሼ! እኔኮ ገና አልጨረስኩትም!»

«ኧረ?» አሉና ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። «አርብ እንደዚያ ስትመረምሪ ሳይ የደረስሽበት መስሎኝ።»

ዝናብ የለም፣ ፀሐይ ነው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ፖስታ ቤት ሽቅብ አቀኑ። ጀርባቸውን ግን አላነሳሁም።