አያቴን ረስቼ ወደ ላሳ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ወደ ቲቤት ከመሄዴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ስለ ኦክስጅን አነበብኩ። ስለ ወፍራም ካልሲ አነበብኩ። ያክ ከሚሉት ጸጉራም ከብት ቅቤ ስለሚሠራው ሻይም አነበብኩ። ስለ አያት ስም ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ፈረንጁ እንዲህ ያለ ጣጣ ስለሌለበት ይሆናል። እኛ ግን አለብን። ፓስፖርታችን ላይ ሦስት ስም፣ አፋችን ላይ ሁለት።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የውጭ አገር ዜጋ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብቻውን ቲቤት መግባት አይችልም። የቻይና ቪዛ መያዝም አይበቃም። በአስጎብኚ ድርጅት በኩል መሄድ፣ አስጎብኚና መኪና ቀድሞ መያዝ ግድ ነው። ድርጅቱ የቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ላይ ላለው የቱሪዝም ቢሮ ያመለክታል፣ ቢሮው የመግቢያ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ደግሞ የቡድኑ አባላት ስምና የፓስፖርት ቁጥር በተርታ የሰፈረበት፣ ቀይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። በቃ፣ ወረቀት።

የኛ ቡድን ስምንት ሰው ነበር። ቤይጂንግ፣ ሺአን፣ ሺኒንግ፣ ከዚያ በባቡር ላሳ። ቪዛው አዲስ አበባ ያለ ችግር ወጣ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ አሜሪካ ያለችው እህቴ ከፈለችልኝ፣ እስካሁንም ታነሳብኛለች። ቤይጂንግ ላይ የተከለከለው ከተማ የሚሉትን ቤተ መንግሥት አየን። ግንባታው በ1420 እ.ኤ.አ. ያለቀ ነው። ሰፊ ነው፣ ያደክማል፣ ውኃ ያዙ። ሺአን ላይ በ1974 እ.ኤ.አ. ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙትን የሸክላ ሠራዊት አየን። ከፎቶው ይበልጣል፤ ማለዳ ሂዱ።

ሺአን ላይ አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። ከተማዋ የታንግ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው ቻንግአን ናት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ልዕልት ዌንቼንግ ለቲቤቱ ንጉሥ ሶንግትሰን ጋምፖ የተዳረችው ከዚሁ ነው። ዛሬ ላሳ ጆካንግ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለውን የቡድሃ ሐውልት ይዛው የሄደችው እሷ ናት ይባላል። እኛም የሙሽራዋን መንገድ ልንከተል ነው ብዬ ጓጓሁ። ሙሽራዋ ፈቃድ አልተጠየቀችም።

አሁን ወደ ሺኒንግ ባቡር ጣቢያ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ መስከረም 1፣ 2012 ዓ.ም.። እንቁጣጣሽ! በአዲስ ዓመት ቀን ወደ ዓለም ጣሪያ መውጣት ጥሩ ገድ ነው ብዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ወደ ላሳ ባቡር የሚያስገባው በር ላይ ፓስፖርት፣ ቲኬትና የፈቃዱ ቅጂ ይታያል። ፖሊሱ ወጣት ነው። ጣቱን ዝርዝሩ ላይ እያስኬደ አንድ በአንድ ያሳልፋል። ጡረተኞቹ ጀርመን ባልና ሚስት አለፉ። ካናዳዊቷ መምህርት አለፈች። እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

ፓስፖርቱን አየ። ወረቀቱን አየ። እንደገና ፓስፖርቱን። ከዚያ ሦስት ጣት አሳየኝ። ቀጥሎ ሁለት ጣት። ምን እንደሚል አልገባኝም፣ ፈገግ አልኩለት። እሱ ፈገግ አላለም።

ፓስፖርቴ ላይ የኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ። ፈቃዱ ላይ የኔና የአባቴ ብቻ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 13 ፊደል የሚፈጀው የአያቴ ስም የለም።

አስጎብኚያችን ተከራከረች። እኔም የፓስፖርት ቁጥሩን በጣቴ እየነካሁ «ያው ነው፣ ያው ነው» አልኩ። ቁጥሩ ልክ ነበር። የትውልድ ቀኑ ልክ ነበር። ፖሊሱ በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ ተናገረበትና የተተረጎመውን አሳየኝ። «በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሰው አልመጣም» ይላል። መጥቻለሁ እኮ! እዚሁ ፊትህ ቆሜያለሁ!

አለቃ ተጠራ። አለቃው መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሌሎቹ ሰባቱ በሩን አልፈው ዞር ዞር እያሉ ያዩኛል። መምህርቷ ለመንገድ የገዛችውን ሁለት ፖም በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። ባቡሩ ሄደ። እኔ አዲስ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሁለት ፖም ይዤ ቀረሁ።

ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። «ቅጹን የሞላኸው አንተ ነህ» አሉኝ። እውነት ነው። «ሙሉ ስም» የሚል ክፍት ቦታ ነበር፣ እኔም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደምጽፈው ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ። ግን የፓስፖርቴንም ቅጂ ልኬላቸዋለሁ! ማንም ከፍቶ አላየውም። የባቡር ቲኬቱን የቆረጠው ሰው አይቶታል፣ ቲኬቱ ላይ ችግር የለም። ፈቃዱን ያመለከተው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ቅጹን ብቻ ገልብጧል። አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች! ይህን ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ የባሰውን ነገሩኝ። በማግስቱ የመኸር አጋማሽ በዓል ነው። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ቢሮ ዝግ። ፈቃዱን ያለ ላሳ ቢሮ ማስተካከል አይቻልም። ቢሮው ሰኞ ይከፈታል።

በማን እንደምናደድ አላወቅሁም። ፖሊሱ ሥራውን ነው የሠራው። በድርጅቱ ተናደድኩ፣ ዛሬም እንደተናደድኩ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ምክንያቱም የፈቃዱን ቅጂ ቤይጂንግ እያለን ቡድኑ የጋራ ስልክ ገጽ ላይ ልከውልን ነበር። ከፍቼዋለሁ። በቻይንኛ ስለሆነ ማኅተሙን አይቼ «ደስ ይላል» ብዬ ዘጋሁት። ስማችን እኮ በላቲን ፊደል ነበር የተጻፈው። አሥር ሰከንድ ይበቃኝ ነበር።

ማታ እናቴ ደወለች። «እንኳን አደረሰህ! ላሳ ደረስክ?» ስትለኝ «ባቡር ላይ ነኝ» አልኳት። በእንቁጣጣሽ ዋሸሁ። እውነቱን ለአባቴ የነገርኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስኪያነባ ሳቀ። «አባቴ መናቅ አይወድም ነበር» አለኝ።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን እዚሁ ልበለው። ድርጅቶቹ «የፓስፖርት ቅጂ ላኩ፣ ሌላው የኛ ሥራ ነው» ይላሉ። አትመኑ። ስማችሁን ከፓስፖርቱ ግርጌ፣ ማሽን ከሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ከላይኛው ላይ፣ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የፈቃዱን ቅጂ አዲስ አበባ እያላችሁ ካልላኩላችሁ ከቤት አትውጡ። «ገና ነው፣ እዚያ ትደርሱበታላችሁ» ካሉ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። የጉዞውን ቀን ስትመርጡ ደግሞ የኛን ሳይሆን የነሱን በዓላት እዩ።

ሺኒንግ ስድስት ሌሊት አደርኩ። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ አዝናልኝ የጨረቃ ኬክ የሚሉትን ሰጠችኝ። ከባድ ነው፤ አንዱ ለምሳ ይበቃል። ሁለት ቀን ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነቃሁ።

ለካስ ያለሁት ቲቤት ውስጥ ነው! ማለቴ፣ በአስተዳደር ሺኒንግ የቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ከተማ ናት። ቲቤቶቹ ግን ይህን አካባቢ አምዶ ይሉታል፣ ከጥንት ጀምሮ ኖረውበታል። ልዩ ፈቃድም አይጠይቅም። ከሺኒንግ ወጣ ብሎ ያለው ኩምቡም ገዳም ትልቁ የቲቤት ቡድሂዝም መምህር ጾንግካፓ በ1357 እ.ኤ.አ. የተወለደበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ከቡድኑ ጋር አንዴ አይቼዋለሁ፣ በሩጫ። አሁን ብቻዬን ሄድኩ። መነኮሳቱ ከቅቤ የሚቀርጿቸውን አበቦችና ምስሎች አየሁ። ቅቤው በእጅ ሙቀት እንዳይቀልጥ ጣታቸውን በረዷማ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ነው የሚሠሩት፣ በክረምት። እናቴ በብርድ ቅቤ ስታነጥር ጣቷ ደረቀ ብላ ስታማርር ትዝ አለችኝና ሳቄ መጣ።

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቶንግረን ሄድኩ። ቲቤቶቹ ሬብኮንግ ይሏታል። የአካባቢው የሥዕል ጥበብ በ2009 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከመዘገባቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ነው። አንድ ግቢ ገብቼ ታንካ የሚሥል ሰው ጎን ተቀመጥኩ። ታንካ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የሃይማኖት ሥዕል ነው። ሸራው እንደ ከበሮ በእንጨት ላይ ተወጥሯል። ፊቱ ሙጫና ነጭ አፈር ተቀብቶ በድንጋይ ተፈትጎ ልሟል። ሰውየው አንዲት የደመና ጥግ ሰማያዊ እየቀባ ነበር። ብሩሹን ቀለም ያስነካል፣ ጫፉን በምላሱ ያሾላል፣ ጥፍር የምታህል ቦታ ይቀባል፣ ይደግማል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ደመናዋ አላለቀችም። ቀለሙ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከሥር በእርሳስ የተሰመሩ የልኬት መስመሮች ይታያሉ፤ የአፍንጫው ርዝመት፣ የትከሻው ስፋት ሁሉ ሕግ አለው። ዓይኑ የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው። የኛን ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አስታወሰኝ፣ የጻድቅ ሁለት ዓይን፣ የኃጢአተኛ አንድ ዓይን የሚባለውን።

ቡድኑ ሬብኮንግን አላየም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፣ ቅናቴ አልወጣልኝም። ግን ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ ገንዘቡና ትዕግሥቱ ከሌለህ ላሳን ተዋት፣ አምዶን አዳርስ ነው የምለው። ድርጅቶቹ ይህን አይነግሯችሁም። ፈቃዱ ነዋ እንጀራቸው።

አዲሱ ፈቃድ ማክሰኞ ማታ መጣ። ሦስት ስም። ደጋግሜ ቆጠርኩ። ለአዲስ ቲኬትና ላሳ ላይ ለብቻዬ ለሚቀበለኝ አስጎብኚ የከፈልኩትን ብር አልናገርም፣ እህቴ ታነባለች።

ባቡሩን በአጭሩ። ከሺኒንግ ላሳ 1,956 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆን ትንሽ የቀረው። የመጨረሻው ክፍል የተከፈተው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ታንግጉላ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ 5,072 ሜትር ከፍታ ትደርሳላችሁ፤ በየአልጋው ራስጌ ኦክስጅን የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ብዙ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ በቀጥታ ላሳ ይበራል። እኔ ባቡሩን ነው የምመክረው፣ ሺኒንግ ሁለት ሌሊት ካደሩ በኋላ። የከተማዋ ከፍታ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ነው። ላሳ ግን 3,650 ሜትር ናት። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የኛዎቹ የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ እየኖሩም የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው እንደማይለይ ያሳያል፤ እኔም «ደገኛ ነኝ» እያልኩ ቡድኑ ፊት ስፎክር ነበር። እነሱ የሰሜን ሰዎች ናቸው። እኔ የገርጂ ሰው ነኝ። የላሳዋን ሌሊት ጭንቅላቴ ውስጥ ነጋሪት ሲመታ አደረ።

የዳላይ ላማዎች ቤተ መንግሥት የነበረውን ፖታላን ከውስጥ አላየሁትም። ትኬቱ በፓስፖርት፣ በቀንና በሰዓት ቀድሞ ይያዛል፤ የኔ ተራ ሺኒንግ ተኝቼ ጨረቃ ኬክ ስበላ አልፏል፣ አዲስም አልተገኘም። አስጎብኚዬ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ወሰደኝና «50 ዩዋን አውጣ» አለኝ። አወጣሁ። ብሩ ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል ልክ ከቆምኩበት የሚታየው ፖታላ ነው። ያየሁት ይኸው ነው፣ በወረቀትና በሩቅ።

ጆካንግ ግን ገባሁ። ሙሽራዋ አመጣችው የሚባለውን ሐውልት በቅቤ መብራት ጭስ መሐል አየሁት። ደጃፉ ላይ ሰዎች በግንባራቸው ይደፋሉ፣ ይነሳሉ፣ ይደፋሉ። የተደፉበት ድንጋይ እንደ መስታወት ያበራል።

ከዚያ ሻይ ቤት ገባን። አስጎብኚዬ በእንጨት ገበታ ዱቄት አቀረበ፣ የቅቤ ሻይ ጠብ አደረገበትና በጣቶቹ ያሽ ጀመር። ጻምፓ ይባላል፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት። ቀምሼ ጮህኩ። በሶ ነው! ገበታውን ተቀብዬ ራሴ አሸሁ፤ ጨብጬ፣ በመዳፌ አድቦልቡዬ። ሰውየው ማን አስተማረህ በሚል ዓይን አየኝ። አንድ ኪሎ ገዝቼ አዲስ አበባ አመጣሁ። እናቴ በማንኪያ ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች።

«ገብሱ አልበሰለም» አለች። «ጨውም የለው።»