አምስተኛው ልብ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የፖከር ካርታ ማደል ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት አንድ የማውቃቸው አባት ታክሲያቸውን አቁመው እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ፍላሽ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ጠብቀው አምስቱንም ጊዜ ቀረባቸው። በስድስተኛው ብር ሲገፉ በአማርኛ “የኔ ልጅ፣ አሁንስ ተራዬ ነው” አሉኝ።

ጨዋታ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይፈቀድም። ምክር መስጠትማ ጭራሽ አይታሰብም። አንጀቴ እያረረ ካርታውን ገለጥኩ። ልብ ሲጠብቁ ጥቁር ሆነ።

እሑድ ቡና ልጠጣ ቤታቸው ሄድኩ። ካርታ ይዤ ነበር። “ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንቁጠረው” አልኳቸው።

ካርታው በሙሉ 52 ነው፤ ልብ 13። ሁለቱ በእጅዎ አሉ፣ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ከወጡት ሦስት ካርታዎች መሐል ናቸው። 9 ልብ ቀረ። ያላየነው ካርታ 47 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ገና ሁለት ይወጣል። ቢያንስ አንዱ ልብ የመሆን ዕድሉ 35 በመቶ ነው። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ይቀራል ማለት ነው። አምስት ጊዜ ተከታትሎ መቅረቱም ተአምር አይደለም፤ 11.6 በመቶ ነው፣ ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ ገደማ። ስድስተኛው ላይ ደግሞ ያው 35 ነው። ካርታው ተበውዟል፤ የቅድሙን አያውቅም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሮያል ፍላሽ ነው፤ ከ10 እስከ ኤስ ያሉት አምስቱ በአንድ ምልክት ሲመጡ። በሰባት ካርታ (ሁለት በእጅ፣ አምስት ጠረጴዛ ላይ) ከ30,940 ጊዜ አንዴ ይመጣል። ሁለት ኤስ በእጅ መያዝ እንኳ ከ221 አንዴ ነው። ግን ሰው ሲጎዳ የማየው በእነዚህ አይደለም። ሮያል ይመጣልኛል ብሎ ብር የሚገፋ አላጋጠመኝም። የሚጎዳው ያ 35 በመቶ ነው። ቅርብ ይመስላል፤ እጅ የሚነካ ይመስላል።

አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። መሐል 100 ዶላር አለ እንበል። ሌላው ሰው 100 ጨመረ። እርስዎ 200 ለማግኘት 100 ይከፍላሉ። ካልታዩት 46 ካርታዎች 9ኙ ያበሉዎታል፣ 37ቱ ይበሉዎታል። 9 ጊዜ 200፣ 1,800 ነው። 37 ጊዜ 100፣ 3,700። በእያንዳንዷ ውሳኔ በአማካይ 41 ዶላር ከኪስዎ ይወጣል። ይሄ የታክሲ ድካም ነው፤ ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ጋሼ ቁጥሩን ብቻ አላመኑም። “አድዪ” አሉኝ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ አራት ልብና አንድ ሌላ ካርታ እየለየሁ፣ የቀረውን እየበወዝኩ፣ ሁለት ሁለት ካርታ ገለጥኩላቸው። እሳቸው በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጭረት ያሰምራሉ። ከ30 ጊዜ 11 መጣ። ከመሐል ሰባት ጊዜ ተከታትሎ የቀረበት ቦታ ነበር። እዚያ ላይ እስክሪብቷቸውን አቁመው ጭረቶቹን እንደገና ቆጠሩ። ወረቀቱን አጥፈው የታክሲው ቁልፍ ያለበት ኪስ ውስጥ ከተቱት።